መኪና ሲዋኝ፦ አሞርዛተር በቤት ስለመቀየር

ጆሃንስበርግ ዝናብ የሚጥለው ሀገር ቤት በጋ በሚሆንበት፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ውሃው በአስፋልቱ ስንጥቅ ይገባል፣ የከባድ መኪና ጎማ ይረግጠዋል፣ ውሎ አድሮ ጉድጓድ ይሆናል። ከጄፒ (መንገዱ ራሂማ ሙሳ ከተባለ በኋላም እኛ ጄፒ ማለታችንን አልተውንም) ዕቃ ጭኖ ሶዌቶና ቴምቢሳ የሚያደርስ ወገናችን ይህን ጉድጓድ በየቀኑ ይቆጥራል። ከእነዚሁ አንዱ በቅርቡ «ኢንጂነር፣ መኪናዬ እንደ ጀልባ እየዋኘች አስቸገረችኝ። ባሌስትራው ሳይደክም አልቀረም፤ ላስጨምርበት?» ብሎ ጠየቀኝ። ተው አልኩት። ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ያ ጥያቄ ነው፤ ስህተቱ የእሱ ብቻ አይደለምና።

የመኪናን ክብደት የሚሸከመው ሞላ ወይም ባሌስትራ ነው። የአሞርዛተር ሥራ ሌላ ነው። ሞላ ሲጨመቅ ጉልበት ያጠራቅማል፣ ሲለቀቅ መልሶ ይሰጣል፤ ብቻውን ቢተው መኪናው ከአንድ ጉድጓድ በኋላ ደጋግሞ ይዘላል። በአሞርዛተሩ ውስጥ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳዎች በግድ ያሳልፈዋል፤ የዝላዩ ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ ወደ አየር ይወጣል። «ሾክ አብዞርበር» የሚለው የእንግሊዝኛ ስም ምት የሚውጥ ዕቃ ያስመስለዋል፤ ምቱን በዋናነት የሚቀበለው ግን ሞላው ነው። ከጣሊያን የወረስነው ስም የተሻለ ነው። ሥሩ «ሞት» ነው፤ አሞርዛተር ዝላዩን ይገድላል። ስለዚህ አሞርዛተሩ በሞተ መኪና ላይ ባሌስትራ መጨመር ዝላዩን ማጠንከር ነው።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። ፍሬን መኪና የሚያቆመው ጎማው መሬቱን ሲጨብጥ ነው። የሚዘል ጎማ፣ በተለይ በእርጥብ መንገድ ላይ፣ ፍሬኑ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን አይታዘዝም።

ምልክቶቹ ብዙ ናቸው፦ በሲሊንደሩ ላይ የወረደ ዘይት፣ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋን የምትደፋ መኪና፣ ጎድጎድ እያለ የተበላ ጎማ። የመኪናውን ጥግ ተጭኖ መልቀቅ የሚባለው ፈተና ፈጽሞ የሞተውን እንጂ የደከመውን አያሳይም፤ እኔ ብዙ አላምነውም።

አሁን ወደ አደገኛው ቦታ ልምጣ። እንደ ኮሮላ ባሉ መኪኖች ፊት ለፊት ያለው አሞርዛተር ሞላውን ለብሶ ነው የሚቆመው፤ ማክፈርሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የነደፈው ዓይነት ነው። 1,200 ኪሎ ገደማ በሚመዝን መኪና አንዱ የፊት ሞላ ከ300 ኪሎ በላይ ይሸከማል። ከመኪናው ከወረደም በኋላ እንደታመቀ ነው፤ አምቆ የያዘው ኮፈን ሲከፈት መሃል ላይ የሚታየው ዳዶ ነው። ሞላው በመጭመቂያ ሳይያዝ ያን ዳዶ የፈታ ሰው ሞላው ፊቱ ላይ ይፈናጠርበታል፤ ሰው ሊገድል ይችላል። በርካሽ የሚሸጡት መጭመቂያዎችም ያንሸራትታሉ። የእኔ ምክር፦ ዙሪያውን ያሉትን ትንንሽ ዳዶዎችና የታች ብሎኖቹን ፈትቶ ሞላና አሞርዛተሩን እንዳለ ማውረድ፣ ሞላውን የማለያየቱን ሥራ ግን ለጋራዥ መስጠት። ከተገጠመ በኋላ የጎማው አቅጣጫ በማሽን መስተካከል አለበት።

የወዳጄ መኪና ሂሉክስ ባኪ ነው (እዚህ ፒክአፑን ባኪ ይሉታል)። ኋላው ባሌስትራ ስለሆነ አሞርዛተሩ ለብቻው ነው፤ ይህ ለቤት ሥራ ይመቻል። ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አገድን፣ በክሪክ አነሳን፣ ሻንሲውን በሁለት የብረት መቆሚያዎች ላይ አሳረፍን። ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር አይገባም! ከዚያ አክስሉን በክሪኩ ደገፍን። የዛጉትን ዳዶዎች ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ማታውኑ ቀብተናቸው ነበር፤ ያም ሆኖ የግራው የታች ብሎን ሁለት ሰዓት ፈጀ። እሳት እንለኩስበት ሲል ከለከልኩት፤ የታመቀ ጋዝና ዘይት ያለበት ዕቃ አይሞቅም። የሚቀየረውም ግራና ቀኙ አንድ ላይ ነው፤ አለዚያ መኪናው በየጎኑ የተለያየ ጠባይ ይኖረዋል።

አዲሱን ከመግጠም በፊት ቀጥ አድርጎ አቁሞ ጥቂት ጊዜ ማስገባትና ማስወጣት በፒስተኑ ሥር የቀረውን አየር ያወጣዋል። ዳዶዎቹን ግን እጅ እስኪይዛቸው ብቻ ነው የምናጠብቀው። የመጨረሻው ማጥበቅ መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ፣ በፋብሪካው መመሪያ ልክ ነው። ምክንያቱ ጎሚኒው ነው፤ አክስሉ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይኖራል። በራሴ መኪና መጀመሪያ ስሠራ ይህን አላወቅሁም ነበር፤ በጥቂት ወራት ተቀደደ። መሐንዲስነት ከዚህ አላዳነኝም።

ማምሻውን ወዳጄ አሮጌውን አንስቶ በእጁ ተጫነው፤ ገባ። ሲጎትተው እንደ ባዶ የብስክሌት መንፊያ ያለ አንዳች ትግል ወጣ። «በዚህ ነው እንዴ ልጆቼን ጭኜ የምሄደው?» አለና ዝም አለ።