ስም የሌለው ተጫዋች

በአሜሪካ የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ፖስትካርድ አለ፦ ቡናማ ፎቶግራፍ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ያሳረፈ ወጣት የቤዝቦል ተጫዋች፣ ስሙ ያልተጻፈ። ዋጋው አምስት ዶላር ሊሆን ይችላል፤ አምስት ሺህም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚፈጥረው የልጁ ማንነት ነው። ማንነቱን ለማወቅ ግን ፊቱ ላይ ማፍጠጥ ብዙ አያራምድም፤ አስቀድሞ ካርዱን መገልበጥ ይሻላል።

እስከ ማርች 1 ቀን 1907 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ፖስታ ቤት በካርዱ ጀርባ ላይ ከአድራሻ በቀር ምንም እንዲጻፍ አይፈቅድም ነበር። ላኪው ሰላምታውን በፎቶው ጠርዝ ላይ አጨናንቆ ይጽፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጀርባው ለሁለት ተከፍሎ ግራው ለመልእክት፣ ቀኙ ለአድራሻ ሆነ። እንግዲህ መሐሉ ላይ መስመር ያለበትን የአሜሪካ ካርድ «የ1903 ነው» የሚል ሻጭ ተሳስቷል። ፎቶው በቀጥታ በፎቶ ወረቀት ላይ የታጠበ ከሆነ ደግሞ ቴምብር የሚለጠፍባትን ትንሽ ሳጥን ማየት ነው። አዞ (AZO) በሚባለው የፎቶ ወረቀት ላይ በሳጥኗ ማዕዘኖች ያሉት አራት ሦስት ማዕዘኖች ሁሉም ወደ ላይ ካመለከቱ ወረቀቱ በግምት ከ1904 እስከ 1918 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው፤ ሁለቱ ወደ ላይ ሁለቱ ወደ ታች ከሆኑ ከ1918 እስከ 1930 ነው። የፖስታ ቤቱ ማኅተም የሚናገረው ካርዱ ከዚያ ቀን በኋላ አለመሠራቱን ብቻ ነው፤ መሳቢያ ውስጥ ዓመታት ቆይቶ የተላከ ካርድ ብዙ ነው።

ቀጥሎ ማጉያ መነጽር። እውነተኛ ፎቶግራፍ ሲጎላ ጥላው ሳይቆራረጥ ከጥቁር ወደ ነጭ ይሸጋገራል። የማተሚያ ቤት ሥራ ከሆነ ግን ምስሉ አብዛኛውን ጊዜ ጥቃቅን ነጠብጣብ ሆኖ ይበተናል። ነጠብጣብ መኖሩ ብቻውን ፎርጅድ አያሰኘውም፤ በዘመኑ በማተሚያ የወጡ ውድ ካርዶች አሉና። ሻጩ «ዋናው ፎቶግራፍ ነው» ካለና ነጠብጣቡ ከታየ ግን ንግግሩ እዚያው ያበቃል። በጨለማ ክፍል አልትራቫዮሌት መብራት ማብራትም ይረዳል፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በወረቀት ላይ መጨመራቸው የተለመደው ማንጪያ ኬሚካሎች ሰማያዊ ሆነው ይበራሉ፣ የ1910 ወረቀት ግን ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል።

ከወረቀቱ በኋላ ማሊያው ይመጣል። ኒውዮርክ ያንኪስና ክሊቭላንድ ተጫዋቾቻቸውን በጀርባ ቁጥር ማሰለፍ የጀመሩት በ1929 ነው፤ ስለዚህ ቁጥር በጀርባው ያለ ያንኪ ከዚያ በፊት ፎቶ ሊነሣ አይችልም። በ1939 ደግሞ ትልልቆቹ ክለቦች በሙሉ የቤዝቦልን መቶኛ ዓመት የሚያስታውስ ዓርማ እጅጌያቸው ላይ ሰፍተው ነበር፤ ዓርማው ከታየ ዓመቱ ታወቀ ማለት ነው። ፊት የሚመረመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ በተለይም ጆሮ፤ ሰው ሲወፍር፣ ሲያረጅ፣ ጺም ሲያወጣ ፊቱ ይለወጣል፣ የጆሮው ቅርጽ ግን ብዙም አይለወጥም።

ይህ ሁሉ ድካም ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ለጥቁር ተጫዋቾች ካርድ ነው። የሲጋራና የማስቲካ ኩባንያዎች የነጮቹን ሊግ ተጫዋቾች በሺዎች ሲያትሙ፣ የጥቁሮቹን ሊጎች አልፈዋቸዋል። ለአንዳንድ ድንቅ ተጫዋች ያለው ምስል ጥቂት የፎቶ ፖስትካርድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከጥቁር ተጫዋቾች ቡድኖች አንዱ «ኢትዮፒያን ክላውንስ» (የኢትዮጵያ ቀልደኞች) ይባል ነበር። ስሙ የወጣው በ1930ዎቹ፣ የጣልያን ወረራ አገራችንን በጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦች ላይ ደጋግሞ ባነሣበት ዘመን ነው። ቡድኑ ጨዋታን ከአስቂኝ ትርዒት ጋር ያቀርብ ስለነበር፣ ለነጻነቷ የምትዋጋ አገር ስም ለመሳቂያ መዋሉን ጥቁር የስፖርት ጸሐፊዎች አጥብቀው ተቃወሙ። በ1943 ከጥቁሮቹ ሊጎች አንዱ ወደሆነው ኔግሮ አሜሪካን ሊግ ሲገባ «ኢትዮፒያን» የሚለውን ተወው። በ1952 የወጣቱ ተጫዋች ሃንክ አሮን ቡድን የነበረው ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ የዚሁ ቡድን ተከታይ ነው። እኔ ከየትኛውም የሚሊዮን ዶላር ካርድ ይልቅ በእጄ ይዤ ላየው የምመኘው የአገሬን ስም በያዘው በዚያ ቡድን የተጫወተ ሰው ካርድ ነው።

የሚሊዮኖቹ ነገር ግን እውነት ነው። ከሲጋራ ፓኬት ውስጥ የወጣ፣ ከ1909 እስከ 1911 ከታተመው ተከታታይ ስብስብ፣ አንድ የተጫዋቹ ሆነስ ዋግነር ካርድ በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። የዋግነሩ ካርድ ግን በዓለም ላይ አንድ ብቻ አይደለም፤ በርከት ያሉ ቅጂዎች አሉ። በአንጻሩ የአንድ ትንሽ ከተማ ቡድን ፎቶ ፖስትካርድ ሁለተኛ ላይኖረው ይችላል፣ በሃያ ዶላርም ፈላጊ ያጣል። ብርቅነት ያለ ፈላጊ ገንዘብ አያመጣም። የዲትሮይቱ አሳታሚ ዲትሽ በ1907 ያወጣው የተጫዋቹ ታይ ኮብ ፖስትካርድ የሚወደደው ኮብ ገና ሃያ ዓመቱ ሳለ፣ ስሙ መግነን በጀመረበት ዓመት ስለወጣ ነው፤ የማዕዘኖቹ ሹልነትና የገጹ ንጽሕና ዋጋውን ደግሞ ብዙ እጥፍ ያደርገዋል።

ፊርማ ያለበት ዕቃ ላይ መጠንቀቅ እጥፍ ነው። በኩፐርስታውን ያለው የቤዝቦል ዝነኞች አዳራሽ የተጫዋቾቹን የመታሰቢያ ሰሌዳ በፖስትካርድ አሳትሞ ይሸጣል፤ ተጫዋቹ ራሱ የፈረመበት በጣም ይፈለጋል። ክሪስቲ ማቲውሰን በ1936 ከመጀመሪያዎቹ አምስት ተመራጮች አንዱ ነው። የሞተው ግን በ1925 ነው። በሰሌዳው ፖስትካርድ ላይ የእሱ ፊርማ ከታየ ቀለሙን መመርመር አያስፈልግም።

ዋጋ ለመገመት ደግሞ ሻጮች የሚጠሩትን ትቶ በጨረታ በእርግጥ የተከፈለውን ማየት ነው፤ የተመሳሳይ ካርድ፣ በተመሳሳይ ይዞታ፣ በቅርብ ዓመታት። ቆሻሻውን በላጲስ ማሸት፣ የተበላ ጠርዝን በመቀስ ማስተካከል የካርዱን ዋጋ ይጥላል፤ መርማሪ ኩባንያዎች የተቆረጠ ካርድን መለኪያቸው ላይ አያወጡትም። ካርዱን ያወረሱት አያት በሕይወት ካሉ ከየት እንዳገኙት፣ በምስሉ ላይ ያለው ማን እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቆ በሌላ ወረቀት ላይ መጻፍና ከካርዱ ጋር ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በካርዱ በራሱ ላይ ግን ምንም አይጻፍበትም።