«አያ ጅቦ» እና አባባ ተስፋዬ

ዑለያ፣ ሪያድ፦ በንጉሥ ፋህድ ጎዳናና በዑለያ ጎዳና መካከል የንጉሥ ፋህድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በነጭ የሸራ ጥላዎች ተጋርዶ ቆሟል። ሙቀቱ በረድ ሲል በዙሪያው ባለው ሜዳ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ይወጣሉ። ባለፈው ሐሙስ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ ኢትዮጵያዊ አባት እዚያ ለሁለት ልጆቹ ተረት ሲያወራ ሰማን። ልጆቹ በዐረብኛ ይጠይቃሉ፤ አባት በአማርኛ ይመልሳል። ተረቱ የጅብና የጦጣ ነበር። ታናሺቱ አባቷን አቋርጣ፣ ጅቡ ሰው ሳይሆን ለምን «አያ» እንደሚባል ጠየቀችው። አባትየው ጥቂት አሰበና «አባባ ተስፋዬ እንዲያ ነበር የሚሉት» ብሎ ተረቱን ቀጠለ።

ዕድሜው ከሠላሳ ዓመት ላለፈ ኢትዮጵያዊ ይህ በቂ ማስረጃ ነው። ሪያድ ውስጥ ለተወለደች ልጅ ግን አባባ ተስፋዬ ማን እንደ ነበሩ መንገር ያስፈልጋል።

ሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሳህሉ ነው። በ1915 ዓ.ም. በባሌ ተወለዱ፤ የጣሊያን ወረራ ሲመጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከነፃነት በኋላ በአዲስ አበባ የቴአትር ሰው ሆኑ። በዚያን ጊዜ ሴቶች ወደ መድረክ ስለማይወጡ የሴት ገጸ ባሕርይን እየተላበሱ ከተጫወቱት ወንዶች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ በዘመተ ጊዜም ወታደሩን ለማዝናናት ወደዚያው ሄደዋል። ይዘፍኑ፣ ያሥቁ፣ ምትሃትም ያሳዩ ነበር። ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው ዕድሜ የሚበቃ ሥራ ነው፤ ሕዝብ የሚያስታውሳቸው ግን ከዚያ በኋላ በመጣው ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የልጆችን ጊዜ ያዙ፤ ከአርባ ዓመት ላላነሰ ጊዜም አልለቀቁትም። ንጉሠ ነገሥቱ አለፉ፣ ደርግ መጣና ሄደ፣ ሌላ መንግሥት ተተካ፤ አባባ ተስፋዬ ግን ልጆችን «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» እያሉ ሰላምታ ማቅረባቸውን ቀጠሉ። ቴሌቪዥን በየቤቱ ስላልነበረ የሰፈር ልጅ ባለው ቤት ደጅ ተሰብስቦ ይጠብቃቸዋል። ከመስታወቱ ወዲያ ሆነው የሚያዩን ይመስለን ስለነበር ሰላምታቸውን ቆሞ የሚመልስ ልጅ ጥቂት አልነበረም። ተረቶቻቸውን በመጻሕፍትም አሳትመዋል። ለዛሬ ልጅ ጆሮ ምክራቸው ሊበዛ ይችላል፤ ያም ሆኖ ከምክሩ ይልቅ በልጅነታችን ልብ ውስጥ የቀሩት እንስሳቱ ናቸው።

የልጂቱም ጥያቄ በእነርሱ ላይ ነው። በአማርኛ ተረት ውስጥ ጅብ ጅብ ብቻ አይደለም፤ አያ ጅቦ ነው። ጦጣም እመት ጦጢት ናት። «አያ» በወሎም ሆነ በሌላው አገር ታናሽ ታላቁን በአክብሮት የሚጠራበት ቃል ነው፤ «እመት»ም ለተከበረች ሴት ይነገራል። የገበሬውን አህያ ሌሊት የሚበላ አውሬ የታላቅ ወንድም ማዕርግ ማግኘቱ መጀመሪያ ነገር የሚያስገርም ነው። በከፊል ፍርሃት አለበት፤ የሚፈሩትን በክብር መጥራት የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን ፍርሃት ብቻ ቢሆን ልጅ አይሥቅም ነበር። ማዕርጉ እንስሳውን ከጫካ አውጥቶ በጎረቤትነት ያስቀምጠዋል፤ ያጠፋል፣ ይታለላል፣ ይራባል፣ እንደ ማንኛውም ዘመድም ይታዘንለታል።

በሐረር ይህ ከተረት አልፎ ኑሮ ሆኗል። በጁገል ግንብ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፤ በዓሹራ ዕለትም ገንፎ ይቀርብለታል። በሐረሪዎች ቋንቋ ከሚጠራባቸው ስሞች አንዱ «ደርማ ሼኽ» ነው፤ ወጣት ሼኽ ማለት ነው። የአማርኛው «አያ» ሐረር ሲደርስ የዕውቀት ማዕርግ ጨመረ ማለት ይቻላል።

ልጆቹ የሚናገሩት ዐረብኛም ከዚህ የራቀ አይደለም። ዐረቦች ለእንስሳት «ኩንያ»፣ ማለት የአባትነትና የእናትነት መጠሪያ፣ ሰጥተዋቸዋል። አንበሳ አቡል ሐሪስ ነው፤ ቀበሮ አቡል ሑሰይን፤ መከራን የሚችለው አህያ አቡ ሳቢር፤ ጅብ ደግሞ ኡሙ ዓሚር፣ የዓሚር እናት ናት። ግብፃዊው ሊቅ አድ-ደሚሪ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ እንስሳት በጻፉት ትልቅ መጽሐፍ እነዚህን መጠሪያዎች እየመዘገቡ አስፍረዋል። በአማርኛ ወንድም የሆነው ጅብ በዐረብኛ እናት መሆኑ ብቻ ልዩነት ነው፤ የዝምድናው አሳብ አንድ ነው። የዑለያው አባት ይህን አስታውሶ ቢሆን ኖሮ ለልጁ በራሷ ቋንቋ መልስ በሰጣት ነበር።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስም፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የአነስን ታናሽ ወንድም «አቡ ዑመይር» እያሉ ይጠሩት፣ ትንሿ ወፉም ምን እንደሆነች ይጠይቁት ነበር። ልጅ ነውና አባት ተብሎ ተከበረ፤ ወፏም ታላቅ ሰው የሚጠይቅላት ሆነች።

ሳዑዲ ዓረቢያም የራሷ አባባ ነበራት። በመካ የተወለደው ገጣሚ ጣሂር ዘመኽሸሪ ለልጆች በሬዲዮ ሲናገር «ባባ ጣሂር» ተብሎ ታወቀ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 «አር-ረውዳ» የተባለችውን የአገሪቱን የመጀመሪያ የልጆች መጽሔት አቋቋመ። መጽሔቲቱ ብዙ አልቆየችም፤ እርሱም በ1987 ዐረፈ። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ብቅ ያሉት ከ«አር-ረውዳ» አምስት ዓመት ያህል በኋላ ነበር። በቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ ሁለት ጎልማሶች በተቀራራቢ ዘመን ከልጆች «ባባ» እና «አባባ» የሚል ስም ተቀበሉ።

አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ዐረፉ። በየአገሩ ተበትኖ የነበረው የቀድሞ ልጅ ዜናውን ሲሰማ ሐዘኑ የቤተሰብ ሐዘን ነበር። ያ ልጅ ዛሬ በሪያድ ሾፌር፣ የቤት ሠራተኛ፣ የሱቅ ሠራተኛ፣ አባት ወይም እናት ነው። ሥራው ጊዜ አይሰጠውም፤ ልጁም ከትምህርት ቤትና ከስልክ የሚሰማው ቋንቋ ሌላ ነው። ከአማርኛ ለልጁ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ «ብላ»፣ «ተኛ»፣ «ዝም በል» የሚለው ትእዛዝ ነው። ተረት ከሌለ ልጁ በአማርኛ መታዘዝን እንጂ መሣቅን አይማርም። እኛን ያሳሰበን ይህ ነው፤ የዚያን ምሽቱን አባት ቆመን ያደመጥነውም ስለዚህ ነው።

ተረቱ አልቆ ሊነሡ ሲሉ ከቤተ መጻሕፍቱ ጥግ አንዲት ቀጭን ድመት ብቅ አለች። ልጂቱ ከያዘችው ዳቦ ቆርሳ ወረወረችላትና አባቷን ቀና ብላ አየችው። «እመት ድመት» አለቻት፤ በአማርኛ። ታላቅ ወንድሟ ሣቀ። ድመቲቱ ዳቦውን አሽትታ ተወችው፤ ልጂቱ ግን ማዕርጓን አልነሣቻትም።