ከገበያው በአንድ ያነሰ

ቶዮታ በግማሽ ቀን ገደማ የሚሸጠውን ያህል መኪና ፌራሪ ዓመቱን ሙሉ ይሸጠዋል። በ2024 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሰሜን ጣሊያኗ ማራኔሎ ወጥተው ገዢ የተረከባቸው ፌራሪዎች 13,752 ብቻ ነበሩ። ኩባንያው በዚያ ዓመት ያገኘው ገቢ ግን ወደ 6.7 ቢሊዮን ዩሮ ተጠግቷል፤ የተጣራ ትርፉም ከ1.5 ቢሊዮን ዩሮ በልጧል። ገቢውን በሙሉ ለመኪናዎቹ ቁጥር ብናካፍለው ለእያንዳንዱ መኪና ከ480 ሺህ ዩሮ በላይ ይደርሰዋል።

ለአንድ መኪና ይህን ያህል የሚከፍል ሰው ምን እየገዛ ነው? ሞተሩ ግሩም ነው፤ የወንበሩ ቆዳም ምርጥ ነው። ግሩም ሞተርና ምርጥ ቆዳ ግን በሌላ ቤትም በብዙ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ማራኔሎ ላይ ዋጋውን ወደ ሰማይ የሚሰቅሉት ሁለት የቆዩ ልማዶች ናቸው። አንደኛው ገንዘብ ይዞ የመጣን ገዢ «ገና ነው፣ ጠብቅ» ማለት መቻል ነው። ሁለተኛው ውድድር ነው፤ ውድድር ሲባል ደግሞ ከመሪው ኋላ የሚቀመጠው ሰው ነው። ሁለቱንም የጀመሩት መሥራቹ ኤንዞ ፌራሪ ናቸው።

ኤንዞ በ1898 በሞዴና ተወለዱ። በ1916 አባታቸውንም ወንድማቸውንም በአንድ ዓመት ውስጥ አጡ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በተራራ መድፈኛ ክፍል የበቅሎዎችን የብረት ጫማ ሲመቱ ቆይተው፣ ታመው ከተሰናበቱ በኋላ ወደ ቱሪን ሄደው ፊያት ፋብሪካ ሥራ ጠየቁ። ቦታ የለም ተባሉ። በዚያ ብርድ ቫለንቲኖ መናፈሻ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ማልቀሳቸውን በኋላ ራሳቸው ተርከውታል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በ1947፣ ስማቸውን የያዘች መኪና በዚያችው በቱሪን ከተማ ውድድር ስታሸንፍ፣ ኤንዞ ወደዚያው ወንበር ተመልሰው ዳግመኛ አለቀሱ።

በሁለቱ ልቅሶዎች መካከል የሆነው ነገር የኩባንያውን ጠባይ ቀርጾታል። ኤንዞ የአልፋ ሮሜዮ ተወዳዳሪ ነበሩ። በ1929 «ስኩዴሪያ ፌራሪ» የተባለውን ቡድን ሲያቋቁሙ ቡድኑ የሚወዳደረው በአልፋ ሮሜዮ መኪናዎች ነበር። የፌራሪን ስም የያዘችው የመጀመሪያዋ መኪና «125 ኤስ» የወጣችው በ1947 ነው። ቡድኑ ከመኪናው በ18 ዓመት ይበልጣል ማለት ነው። ሌሎች አምራቾች መኪናቸው እንዲሸጥላቸው ይወዳደራሉ፤ ኤንዞ ግን ለመወዳደር ሲሉ መኪና ይሸጡ ነበር። ለመንገድ የሚሠራው መኪና ለእሳቸው የሚቀጥለው እሑድ ውድድር ወጪ መሸፈኛ ነበር።

የፌራሪ ምልክት የሆነው ያ በኋላ እግሮቹ የቆመው ጥቁር ፈረስ እንኳ የመጣው ከውድድር ሜዳ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞተው ጣሊያናዊ ተዋጊ አብራሪ ፍራንቼስኮ ባራካ በአውሮፕላኑ ላይ ያስለው የነበረ ፈረስ ነው። ወጣቱ ኤንዞ በ1923 ራቬና አጠገብ ውድድር ባሸነፉ ጊዜ ከአብራሪው ወላጆች ጋር ተዋወቁ፤ እናቲቱም ዕድል ያመጣልሃል ብለው ምልክቱን ሰጧቸው። ኤንዞ የጨመሩበት ከኋላው ያለውን ቢጫ መደብ ነው፤ የሞዴና ከተማ ቀለም ነው።

  

በ1963 የአሜሪካው ፎርድ ፌራሪን ሊገዛ ወደ ሞዴና መልእክተኞች ላከ። ድርድሩ ብዙ ርቀት ከሄደ በኋላ የፈረሰው በአንድ አንቀጽ ነው፦ የውድድሩን ወጪ በተመለከተ የመጨረሻው ቃል የፎርድ እንዲሆን ያደርግ ነበር። ኤንዞ ፋብሪካውን ለመሸጥ ፈቃደኛ ነበሩ፤ ቡድኑን ግን አይደለም። የተቆጣው ፎርድ በ1966 ለ ማን ላይ በተካሄደው የ24 ሰዓት ውድድር ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ወጥቶ ብድሩን መለሰ። ፌራሪ ገንዘብ እጅግ ባጠረው በ1969 ግማሹን ድርሻ ለፊያት ሸጠ። ወጣቱን ኤንዞን ከበር የመለሰው ፊያት መሆኑ ነው። በዚህ ሽያጭ የመንገድ መኪናው ሥራ ወደ ፊያት ሲያደላ፣ የውድድሩ ሥልጣን ግን በኤንዞ እጅ ቀረ።

«ፌራሪ ምንጊዜም ገበያው ከሚፈልገው አንድ መኪና አሳንሶ ይሸጣል» የሚለው መርሕ የሚጠቀሰው በኤንዞ ስም ነው። በተግባር ያጠበቁት ግን ከ1991 ጀምሮ ኩባንያውን በሊቀ መንበርነት የመሩት ሉካ ዲ ሞንቴዜሞሎ ናቸው። በ2012 ፌራሪ 7,318 መኪና ሸጦ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ገበያው እያለ፣ ገዢውም ወረፋ ይዞ ሳለ፣ ሊቀ መንበሩ ቁጥሩ ከ7,000 በታች እንዲወርድ አዘዙ። በ2013 የተሸጡት 6,922 ብቻ ሆኑ፤ ትርፉ ግን ጨመረ። ይህን ውሳኔ ደግሞ ደጋግሞ ማሰብ ይገባል። የጨመረው ፈላጊ የመኪና ፋብሪካን ወደ ተጨማሪ መስመርና ወደ ተጨማሪ ፈረቃ ይገፋዋል፤ ፌራሪ በሩን ገርበብ በማድረጉ አተረፈ።

ቀጥለው የመጡት ሰርጂዮ ማርኪዮኔ በሩን መልሰው ከፈት አደረጉት። በጥቅምት 2015 የፌራሪ አክሲዮን በኒው ዮርክ ገበያ በ52 ዶላር ለሽያጭ ቀረበ፤ የገበያ መለያው በእንግሊዝኛ «ውድድር» የሚል ቃል ነው። ከዚያ ወዲህ ሽያጩ በእጥፍ ገደማ አድጓል። ልጓሙ ግን አልተፈታም። በ2022 አራት በር ያለው ከፍ ያለ መኪና «ፑሮሳንጉዌ» ሲወጣ፣ ኩባንያው ከምርቱ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ሌሎች የቅንጦት አምራቾች ግን የገቢያቸውን ትልቁን ክፍል በዚህ ዓይነት መኪና ላይ ጥለዋል። በጥቅምት 2024 የወጣው «ኤፍ80» ደግሞ 3.6 ሚሊዮን ዩሮ ያወጣል፤ የሚሠሩትም 799 ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለውን መኪና ለመግዛት ገንዘብ ብቻ አይበቃም። ማን ይውሰድ የሚለውን ኩባንያው ይመርጣል፤ ቅድሚያ የሚያገኙት ከዚያ በፊት የገዙ፣ መኪናቸውን ጠብቀው የያዙ ደንበኞች ናቸው። በልዩ ቀለም፣ በልዩ ክርና በልዩ ቆዳ መኪናን እንደ ገዢው ፍላጎት ማበጀት ብቻውን ከመኪናና ከመለዋወጫ ገቢው አንድ አምስተኛ ያህሉን ያስገባል።

ፌራሪ እንደ ሌሎቹ በቴሌቪዥን መኪና አያስተዋውቅም። ማስታወቂያው ፎርሙላ ዋን ነው፤ ማስታወቂያው ደግሞ ገንዘብ ያስገባለታል። ከስፖንሰር፣ ከውድድሩ ክፍያና ከስሙ ኪራይ በ2024 ያገኘው 670 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነው።

ይህን ስም ያቆሙት አሽከርካሪዎች የከፈሉት ዋጋ ግን በሒሳብ መዝገብ አይገኝም። በመጋቢት 1957 ኤውጄኒዮ ካስቴሎቲ ሞዴና ላይ በሙከራ ሞተ። በግንቦት አልፎንሶ ዴ ፖርታጎ በሚሌ ሚሊያ ውድድር ጎማው ፈንድቶ ከረዳቱ ጋር ሲሞት መንገድ ዳር የቆሙ ዘጠኝ ሰዎችን ይዞ ሄደ፤ አምስቱ ሕፃናት ነበሩ። በ1958 ሉዊጂ ሙሶ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ፒተር ኮሊንስ ጀርመን ውስጥ፣ በአንድ ወር ልዩነት ሞቱ። የቫቲካን ጋዜጣ ኤንዞን ልጆቹን ከሚበላው የጥንት ሮማውያን አምላክ ከሳተርን ጋር አመሳሰላቸው። በሚሌ ሚሊያው አደጋ ፍርድ ቤት ቀርበው ነጻ የወጡት በ1961 ነው። በዚያው ዓመት የነጥብ መሪው ቮልፍጋንግ ፎን ትሪፕስ ሞንዛ ላይ ከደርዘን በላይ ተመልካቾች ጋር ሞተ፤ የዓለም ሻምፒዮንነቱን በዚያች ቀን የወሰደው የቡድን ጓደኛው ፊል ሂል ነበር። ዛሬ ሙዚየም ውስጥ በመብራት የሚያበሩት ቀይ መኪናዎች ከእነዚህ ዓመታት የመጡ ናቸው፤ ጨረታ ላይ በአሥር ሚሊዮኖች ሲሸጡ ያየ ሰው ይህንንም ማወቅ አለበት።

ኤንዞ የሚያሸንፈው መኪናው ነው ብለው ያምኑ ነበር። ኒኪ ላውዳን ግን ማሳመን አልቻሉም። ኦስትሪያዊው በ1975 ለፌራሪ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ፣ ነሐሴ 1 ቀን 1976 ኑርበርግሪንግ ላይ በእሳት ተያዘ። ሳንባው ተቃጥሎ፣ ቄስ የመጨረሻውን ጸሎት አድርሶለት ነበር። በ42ኛው ቀን ሞንዛ ላይ ቁስሉ ሳይሽር ራስ ቁሩን አጥልቆ ተወዳደረ፤ አራተኛም ወጣ። በጃፓኑ የመጨረሻ ውድድር በከባድ ዝናብ መኪናውን አቁሞ ወረደ፤ ሻምፒዮንነቱንም በአንድ ነጥብ ለጄምስ ሃንት አጣ። ፌራሪ ቤት ውስጥ ድፍረቱን የሚጠራጠሩ ተነሡ። ላውዳ በ1977 ዳግም ሻምፒዮን ሆነና የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ ጥሎ ሄደ።

በ1979 ደቡብ አፍሪካዊው ጆዲ ሼክተር ለፌራሪ ዋንጫውን አመጣ። እስከ ዛሬ የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን የሆነ ብቸኛው አፍሪካዊ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ በአሽከርካሪዎች ዋንጫ 21 ዓመት ድርቅ ሆነ። ድርቁን የሰበረው ሚካኤል ሹማኸር በ1996 ሲመጣ የሁለት ጊዜ ሻምፒዮን ነበር። ከጎኑ የቡድን መሪው ዣን ቶድ፣ የቴክኒክ ኃላፊው ሮስ ብራውንና ንድፍ አውጪው ሮሪ በርን ተሰለፉ። ከ2000 እስከ 2004 በተከታታይ አምስት ጊዜ አሸነፈ። ሹማኸር ለፌራሪ 72 ግራንድ ፕሪ አሸንፏል። ከእሱ ወዲህ ኪሚ ራይኮነን በ2007 የአሽከርካሪዎችን፣ ቡድኑ በ2008 የአምራቾችን ዋንጫ ወሰዱ። የፎርሙላ ዋን የዓለም ዋንጫ ታሪካቸው እዚያ ላይ ቆሟል።

ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ ሽያጩ በእጥፍ አደገ፤ ዋንጫው ግን አልመጣም። ታዲያ አሽከርካሪው ለንግዱ ያስፈልጋል? የካቲት 1 ቀን 2024 መልሱ ታየ። የሰባት ጊዜ ሻምፒዮኑ ሉዊስ ሃሚልተን ከመርሴዲስ ወጥቶ ለፌራሪ ሊነዳ ነው ሲባል፣ የፌራሪ አክሲዮን በአንድ ቀን 10 በመቶ ገደማ ወጣ። በዚያው ቀን ጥሩ የትርፍ መግለጫ መውጣቱ እውነት ነው፤ ያም ሆኖ በዓለም ዙሪያ ሰው ሲቀባበለው የዋለው የሃሚልተንን ስም ነበር። ከ2021 ወዲህ የፎርሙላ ዋን ቡድኖች በዓመት የሚያወጡት ወጪ በጣሪያ ተገድቧል፤ የአሽከርካሪ ደመወዝ ግን ከጣሪያው ውጭ ነው። ሀብታም ቡድን ያለ ገደብ ሊከፍልበት ከሚችለው ጥቂት ነገር አንዱ መሪውን የሚይዘው ሰው ነው።

ለሃሚልተን ቦታ የለቀቀው ካርሎስ ሳይንዝ በጥቅምት 2024 ሜክሲኮ ላይ አሸነፈ። ሃሚልተን ራሱ በ2025 ቻይና ላይ አንድ አጭር ውድድር ከማሸነፉ በቀር፣ በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በግራንድ ፕሪ መድረክ ላይ ሳይቆም ዓመቱ አለቀ። በኅዳር ብራዚል ላይ ሁለቱም ፌራሪዎች ውድድሩን ሳይጨርሱ ቀሩ። ሊቀ መንበሩ ጆን ኤልካን አሽከርካሪዎቹ ወሬ ቀንሰው መንዳት ላይ እንዲያተኩሩ በአደባባይ ተናገሩ። በዚያው የሳምንት መጨረሻ የፌራሪ የረጅም ርቀት ቡድን ባህሬን ላይ የዓለም ዋንጫ ወስዷል። ይህ ቡድን በ2023 ከ50 ዓመት በኋላ ወደ ለ ማን ከፍተኛ ምድብ ተመልሶ በመጀመሪያ ሙከራው ያሸነፈ ነው፤ በ2024ም ደግሞታል፤ በ2025 ያሸነፈውም የፌራሪ መኪና ነው። አሌሳንድሮ ፒየር ጉዊዲ፣ ጄምስ ካላዶና አንቶኒዮ ጆቪናዚ የዓለም ሻምፒዮን ሆነው ሲመለሱ ስማቸውን የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው።

የሊቀ መንበሩ ተግሣጽ ፍትሐዊ አይመስልም። ላውዳም ሹማኸርም ያሸነፉት ለመኪናው ጉድለት አፍ አውጥተው በመናገራቸው ጭምር ነው። ፌራሪ ዛሬ የሚሸጠው እነሱ ያከማቹትን ዝና ነው፤ የተከማቸ ነገር ደግሞ ካልተጨመረበት ያልቃል። ገበያውም ቢሆን ታጋሽ አይደለም። በጥቅምት 2025 ኩባንያው በ2030 ከሞዴሎቹ 40 በመቶው ኤሌክትሪክ ይሆናሉ ያለውን ዕቅድ ወደ 20 በመቶ አውርዶ፣ የወደፊት ገቢውንም በጥንቃቄ ሲተነብይ፣ አክሲዮኑ በአንድ ቀን ሃሚልተን ሲመጣ ካገኘው የበለጠ ወረደ።

ማራኔሎ ውስጥ ቀይዋ መኪና ግራንድ ፕሪ ስታሸንፍ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወላል፤ የቆየ ልማድ ነው። በ2025 ፌራሪ 24 ግራንድ ፕሪ ተወዳድሮ አንዱንም አላሸነፈም።