አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፦ የሰዓትና የደመወዝ ሪፖርት ክፍሎች በጋራ ማጣሪያ ሲመሩ

አል አይን፦ በአል አይን ከተማ ዛኸር በተሰኘው ሰፈር በጥገና፣ በጽዳት ወይም በጥበቃ ሥራ የተሰማራ ሠራተኛ በወር መጨረሻ የሚቀበለው ደመወዝ ረጅም መንገድ ተጉዞ የሚደርስ ነው። በብዙ ድርጅቶች የመግቢያና የመውጫ ሰዓት በመሣሪያ ይመዘገባል፤ መዝገቡ ወደ መረጃ ቋት ይገባል፤ ከቋቱ ወርኃዊ ሪፖርት ይወጣል፤ ክፍያውም በሪፖርቱ መሠረት ይሰላል። በዚህ ሂደት ውስጥ የአንድ ቀን ወይም የአንድ ሰዓት መዛባት ከሠራተኛው ገቢ ላይ ይቀንሳል።

የደመወዝ ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ በርካታ ክፍሎች አሉት። አንዱ የሠራተኞችን ብዛት፣ ሌላው መደበኛና ትርፍ ሰዓትን፣ ሦስተኛው ፈቃድንና ከሥራ መቅረትን፣ አራተኛው የሚከፈለውን ገንዘብ ያሳያል። እያንዳንዱ ክፍል ከመረጃ ቋቱ የሚያስፈልገውን ለይቶ የሚያወጣው ብዙዎች ፊልተር በሚሉት ማጣሪያ አማካይነት ነው። ማጣሪያው ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳል፦ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን? የትኛው የሥራ ቦታ? የትኞቹ ሠራተኞች? ክፍሎቹ ለእነዚህ ጥያቄዎች አንድ ዓይነት መልስ ካልያዙ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው ትክክል ቢሆንም ሪፖርቱ በጠቅላላው የተሳሳተ ይሆናል።

ትልቁ ስህተት ይታያል፣ ትንሹ ይደበቃል

ለምሳሌ ያህል አንድ ድርጅት በአል አይን 120 ሠራተኞች ቢኖሩትና ከእነዚህ 30ዎቹ በዛኸር ቢሠሩ፣ የብዛቱ ክፍል ዛኸርን ብቻ መርጦ 30 ያሳያል እንበል። የሰዓቱ ክፍል ግን መላውን አል አይን ከያዘ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ በወሩ 208 ሰዓት ሲሠራ ድምሩ 24,960 ሰዓት ይሆናል። ይህ ለ30 ሲካፈል ለአንድ ሰው 832 ሰዓት ይደርሳል። የጁን ወር በሙሉ 720 ሰዓት ብቻ ስላለው ስህተቱ ወዲያውኑ ይጋለጣል።

አሳሳቢው አነስተኛው ልዩነት ነው። የሰዓቱ ክፍል ወሩን በሙሉ ይዞ፣ የክፍያው ክፍል የመጨረሻዋን ቀን ቢያስቀር፣ ድምሩ ለዓይን የተለመደ ይመስላል። የአንድ ቀን ሥራ ግን ሳይከፈል ያልፋል።

በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የግሉ ዘርፍ የሥራ ግንኙነት የሚመራበት የ2021 የፌዴራል ድንጋጌ ሕግ ቁጥር 33፣ ከፌብሩዋሪ 2 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን 8 ወይም በሳምንት 48 ሰዓት ይወስናል። ለትርፍ ሰዓት በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ የሚሰላ ቢያንስ 25 በመቶ ጭማሪ ይከፈላል። ትርፍ ሰዓቱ ከ22፡00 እስከ 04፡00 ባለው ጊዜ ከሆነ ጭማሪው ቢያንስ 50 በመቶ ነው፤ በፈረቃ የሚሠሩ ከዚህ የሌሊት ድንጋጌ ውጭ ናቸው። የቤት ሠራተኞች ጉዳይ ደግሞ በተለየ ሕግ፣ በ2022 የፌዴራል ድንጋጌ ሕግ ቁጥር 9 ይታያል። እንዲህ ያለ ስሌት ቀኑና ሰዓቱ በትክክል ካልተለየ ሊሠራ አይችልም።

ማጣሪያው እንዴት የጋራ ይሆናል?

መፍትሔው ቀኑንና ቦታውን በእያንዳንዱ ክፍል ደጋግሞ ከመጻፍ መቆጠብ ነው። ዋጋው በአንድ ስፍራ አንድ ጊዜ ይሞላል፤ ሁሉም ክፍሎች ከዚያ ያነባሉ። በማይክሮሶፍት አክሰስ መነሻና መድረሻ ቀኑ በአንድ ቅጽ ላይ ተሞልቶ የየክፍሉ መጠይቅ ከቅጹ እንዲወስድ ይደረጋል። በኤክሴል ስላይሰር የተባለውን መምረጫ ከአንድ የመረጃ ምንጭ ከተሠሩ በርካታ ፒቮት ሰንጠረዦች ጋር ማገናኘት ይቻላል። በፓወር ቢአይም አንድ ማጣሪያ በሁሉም ገጾች ላይ እንዲሠራ ማድረግ ወይም በተለያዩ ገጾች ያሉ መምረጫዎችን ማጣመር ይቻላል። መሣሪያው ቢለያይም መርሁ አንድ ነው።

ማጣሪያው ስለተጋራ ብቻ ግን ሥራው አያበቃም። የተጋራው ዋጋ ራሱ በሁሉም ክፍሎች አንድ ዓይነት ትርጉም ሊኖረው ይገባል።

አንደኛው ጉዳይ የወር መጨረሻ ነው። ቀንና ሰዓት አብረው በሚመዘገቡበት ዓምድ «እስከ ጁን 30» የሚል ማጣሪያ በብዙ የመረጃ ቋቶች የሚቆመው ጁን 30 በሚጀምርበት እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ የዕለቱ ሥራ ይቀራል። አስተማማኙ አጻጻፍ «ከጁን 1 ጀምሮ፣ ከጁላይ 1 በፊት» የሚለው ነው።

ሁለተኛው የሰዓት ቀጠና ነው። የኤምሬትስ ሰዓት ከዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት በ4 ሰዓት ይቀድማል። ብዙ ሥርዓቶች ደግሞ መረጃን የሚያስቀምጡት በጋራ ሰዓቱ ነው። ጁን 1 ከ00፡00 እስከ 02፡00 በዛኸር የተሠራ ትርፍ ሰዓት በቋቱ ውስጥ ሜይ 31 ከ20፡00 እስከ 22፡00 ሆኖ ይቀመጣል። የሰዓቱ ክፍል በአገሩ ሰዓት፣ የክፍያው ክፍል በጋራ ሰዓት ቢያነቡ፣ ሥራው በጁን ይጸድቃል፤ ክፍያው ግን ሒሳቡ በተዘጋው በሜይ ይፈለጋል። እነዚያ ሁለት ሰዓታት በየትኛውም ወር ላይከፈሉ ይችላሉ።

ሦስተኛው የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች በቃል ወይም በማስታወሻ ሲያሳውቁ «ሰኔ» የሚሉት ከጁን ጋር አይገጥምም፤ ጁን 1 ግንቦት 24፣ ጁን 30 ደግሞ ሰኔ 23 ነው። በሰዓትም 22፡00 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ 04፡00 ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይባላል። 10 እና 4 ቦታቸውን ስለሚለዋወጡ፣ ሰዓትን በሃያ አራት አቆጣጠር መጻፍ ከአለመግባባት ያድናል።

አራተኛው የስም አጻጻፍ ነው። ዛኸር በአንዱ ሰነድ «ዛኸር»፣ በሌላው «ዛከር»፣ በሦስተኛው «ዛኺር» ተብሎ ከተመዘገበ፣ አንዱን አጻጻፍ የመረጠ ማጣሪያ ሌሎቹን ይጥላል። በአማርኛ መዝገብም «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» ለአንባቢ አንድ ስም ሲሆኑ ለመረጃ ቋት ሦስት ናቸው። ስለዚህ ማጣሪያው በስም ፋንታ በማይለወጥ የቦታና የሠራተኛ መለያ ቁጥር ቢሠራ ይመረጣል።

የማይጋራው በግልጽ ይነገር

ሁሉም ክፍል በአንድ ወር መወሰን አለበት ማለት አይደለም። የዓመት ፈቃድ ቀሪ ከወሩ በፊት የተጠራቀመውንም ይቆጥራል፤ ካለፈው ወር ጋር የሚያነጻጽር ክፍልም ሌላ ወር ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ የተለየውን ቀን በእጅ ከመሙላት ይልቅ ከጋራው ቀን ተሰልቶ እንዲገኝ ማድረግ፣ በክፍሉ ርዕስ ሥርም የሚሸፍነውን ጊዜ መጻፍ ተገቢ ነው።

ባዶ የተተወ ማጣሪያም ጥንቃቄ ይሻል። ቦታ ካልተመረጠ አንዱ ክፍል «ሁሉም» ብሎ ሲረዳው፣ ሌላው «ምንም» ሊለው ይችላል። ትርጉሙ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ሪፖርቱን የሚያዘጋጅ ባለሙያ ከማስረከቡ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢፈትሽ ይበጃል፦ የተመረጠው ጊዜና ቦታ በእያንዳንዱ ገጽ ራስጌ መታየቱን፣ የዛኸርና የሌሎቹ የሥራ ቦታዎች ድምር ከአል አይን ጠቅላላ ድምር ጋር እኩል መሆኑን፣ እንዲሁም በወሩ የመጀመሪያና የመጨረሻ ሌሊት የሠራ የአንድ ሠራተኛ ሰዓት በሰዓቱም በክፍያውም ክፍል መገኘቱን።

ሠራተኛውም የድርሻውን ሊወጣ ይችላል። ከ2009 ጀምሮ የሚሠራው የደመወዝ ጥበቃ ሥርዓት ክፍያ በባንኮችና ፈቃድ ባላቸው የገንዘብ ተቋማት በኩል መተላለፉን ለመከታተል ያስችላል። የተሠራው ሰዓት በሙሉ መቆጠሩ ግን ወደ ሥርዓቱ ከሚገባው መረጃ ይጀምራል። የራስን የሥራ ሰዓት በየዕለቱ መመዝገብ፣ በደመወዝ መግለጫው ላይ የተጻፈውን የጊዜ ገደብ ማየት፣ ልዩነት ሲገኝም ቀኑንና ሰዓቱን ለይቶ ድርጅቱን መጠየቅ ይገባል። በዚያ ካልተፈታ ጉዳዩን ለሰው ሀብትና ኤምሬታይዜሽን ሚኒስቴር ማቅረብ ይቻላል። «ደመወዜ አነሰ» ከማለት ይልቅ «የጁን 1 ሌሊት ሁለት ሰዓት በክፍያው ውስጥ የለም» ብሎ የቀረበ ጥያቄ የት እንደሚፈለግ ስለሚያመለክት፣ መልሱም ቶሎ ይገኛል።