ወገባችሁን የመታው ብርድ ነው ወይስ ሞተራችሁ?



የዛሬው ርዕሳችን ሞተር ሳይክል ነው። «ዶክተር፣ ጋራዥ ከፈትክ እንዴ?» እንዳትሉኝ። የምሠራው ሐሙሲት ነው። ለማታውቋት፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የደራ ወረዳ ከተማ ናት። እዚህ ወገባቸውን ይዘው ወደ እኔ ከሚመጡት መካከል ሞተር የሚነዱት ጥቂት አይደሉም፦ የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ባለሙያው፣ አስተማሪው፣ ነጋዴው። አብዛኞቹ የሚሉኝም አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ ደብረ ታቦር ደርሼ ስመለስ ኩላሊቴን ብርድ መታኝ።»

ብዙ ጊዜ እኔ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ለሳምንታት ዳይክሎፌናክ ሲውጡ ቆይተዋል። አሳሳቢው ነገር ይሄ ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። በተለይ ግፊት ያለበት፣ የኩላሊት ችግር ያለበት ወይም ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ የሚውል ሰው ይበልጥ ይጎዳል። ያልታመመ ኩላሊት «ለማዳን» ተብሎ በሚዋጥ መድኃኒት ኩላሊት ይታመማል ማለት ነው።

ኩላሊት ነው ወይስ ጡንቻ?

ኩላሊታችን ከጀርባ ጡንቻዎች በስተ ውስጥ፣ ከመጨረሻዎቹ የጎድን አጥንቶች ሥር የተሸሸገ ነው። ነፋስ ጃኬት አልፎ እዚያ ድረስ አይገባም። የኩላሊት ሕመም የራሱ ምልክቶች አሉት፦ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ ሽንት መቅላት፣ መጣ ሄደት እያለ ወደ ብሽሽት የሚወርድ ከባድ ሕመምና ማስታወክ። እነዚህ ካሉ ጊዜ ሳትሰጡ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ጎንበስ ቀና ስትሉ የሚብስ፣ ብዙ ስትቀመጡ የሚከፋ፣ ጋደም ስትሉ ወይም ትንሽ ስትራመዱ ቀለል የሚል፣ ስትጫኑት የሚያም ከሆነ ግን ባብዛኛው የጡንቻና የአከርካሪ ሕመም ነው።

ብርዱ ምንም አያደርግም እያልኩ አይደለም። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚያ ጠዋት ላይ በሞተር መንዳት ጡንቻን ያኮማትራል፣ ጣትንም ያደነዝዛል። ነፋስ የማያስገባ ጃኬትና ጓንት ያስፈልጋል። ነገር ግን የተኮማተረውን ጡንቻ ሲደበድብ የሚውለው ሌላ ነው።

ሞተር እንዴት ያሳምማል?

ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠን ልጅ አስቡ። በትክክለኛው ሰዓት ከገፋችሁት፣ ትንሽ ግፊት ብቻ ከፍ ያደርገዋል። የተቀመጠ ሰው አከርካሪም እንዲሁ ነው። በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ሲናጥ ንዝረቱን አይውጠውም፣ ይባስ ያጎላዋል። የኮረኮንች መንገድ ንጠት ደግሞ በዚህ አካባቢ ሊወድቅ ይችላል። ያኔ የወገብ ጡንቻ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ በአጥንቶቹ መካከል ያሉት ዲስኮችም ይጨመቃሉ።

እጅ ላይ የሚደርሰው ከኢንጂኑ በመሪው በኩል የሚመጣ ፈጣን ንዝረት ነው። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሐል ጣት ከደነዘዙ በእጅ አንጓ መሐል የሚያልፈው ነርቭ እየተጫነ ሊሆን ይችላል። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከሆኑ ደግሞ በክርንና በመዳፍ ጠርዝ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ነው። ጣት በብርድ ጊዜ ነጭ እየሆነ የሚደነዝዝ ከሆነ ንዝረቱ የደም ሥሩን መጉዳት ጀምሮ ሊሆን ስለሚችል ቸል አትበሉት።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው፦ ከኪኒኑ በፊት ሞተሩን አክሙት።

ወገባችሁን የሚያሳርፉ አምስት የጥገና ነጥቦች

1. ጎማ። አየር የበዛበት ጎማ እያንዳንዷን ጠጠር ወደ ወገብ ያደርሳል። ያነሰው ደግሞ ሞተሩን ያንሸራትታል፣ ከመነዳሪም ያስበላል። ለብዙዎቹ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ሞተሮች የፊቱ 25፣ የኋላው ለብቻ 28፣ ሰው ሲጫን 32 ፒኤስአይ አካባቢ ነው፤ ወሳኙ ግን የሞተራችሁ መመሪያ ወይም አካሉ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ነው። ጠዋት ሳትነዱ፣ ጎማው ሳይሞቅ አስለኩ። ጎሚስታው በእጁ ጫን አድርጎ «በቂ ነው» ቢላችሁ በመለኪያ እንዲያይላችሁ ጠይቁት።

2. ሾክ። የፊቱ ሾክ ላይ ዘይት ካያችሁ ጎሚኒው አልቋል ማለት ነው። ሞተሩን ወደ ታች ተጭናችሁ ልቀቁት። ደጋግሞ ከዘለለ ሾኩ ደክሟል። የኋላው ሾክ ሥር ደግሞ ጥርስ ያለው የማስተካከያ ቀለበት አለ። ሰው ወይም ኩንታል ስትጭኑ አጠንክሩት፣ ብቻችሁን ስትሆኑ መልሱት፣ ግራና ቀኙም እኩል ይሁን። ብዙ ሰው አንዴ ለጭነት አጠንክሮት ዓመቱን ሙሉ ብቻውን ይነዳበታል። ወገቡ የሚከፍለው ለዚያች ቀለበት ነው።

3. ሰንሰለት። የላላ ሰንሰለት ነዳጅ በሰጣችሁ ቁጥር ሞተሩን ይነጥቃል፣ ወገብንም አብሮ ይነጥቃል። ከባሰ ወልቆ የኋላውን ጎማ ይቆልፋል። ለተለመዱት የመንገድ ሞተሮች መሐሉ ላይ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ላላ ማለት አለበት፤ ረጃጅሞቹ የኮረኮንች ሞተሮች ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ክረምት ላይ በፎገራ ሜዳ ጭቃ ውስጥ ከዋለ ማታውኑ አጽዱና ዘይት ቀቡት። አደራ፣ ኢንጂኑ እየሠራ ጨርቅ ይዛችሁ ሰንሰለት አትጥረጉ! ጣት የሚቆረጠው እንደዚያ ነው። ድንገት ከተቆረጠ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ጭምቅ አድርጋችሁ ያዙት። የተቆረጠውን ጣት በረጠበ ንጹሕ ፋሻ ጠቅልላችሁ ላስቲክ ውስጥ አድርጉት፣ ላስቲኩን በረዶ ላይ አስቀምጡት (ጣቱ በረዶውን በቀጥታ አይንካ) እና ወደ ሆስፒታል ፍጠኑ።

4. ፍሬን። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ስትወርዱ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ አትጨርሱት። ማርሽ ቀንሳችሁ ኢንጂኑ ይያዝላችሁ። የፊት ፍሬን «ይገለብጣል» ብለው ጨርሶ የማይነኩት አሉ። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን ትልቁን የማቆም አቅም የያዘው የፊቱ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ፣ ሳትደነግጡ፣ ቀስ በቀስ ያዙ። ሸራው ከሳሳ አስቀይሩት። የፍሬን ዘይትም እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር።

5. ካንዴላና የአየር ፊልትሮ። ከጣና ዳር ተነስታችሁ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጉና ተራራ ስትወጡ አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ግን ቤንዚኑን ያን ያህል አይቀንስም። ስለዚህ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ኢንጂኑ ይንተፋተፋል፣ ንዝረቱም ይጨምራል። በበጋ አቧራ የተደፈነ ፊልትሮ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ለአንድ ቀን ጉዞ ካርቡሬተሩን አታስነኩ፤ ፊልትሮውንና ካንዴላውን ማጽዳት ይበቃል። ኑሯችሁ ደጋ ላይ ከሆነ ግን መካኒኩ ለቦታው ያስተካክልላችሁ። በዚያው ኢንጂኑን የያዙት ቡሎኖች እንዳልላሉ ያረጋግጥ።

ጓሮ ውስጥ ያሉት ሦስት አደጋዎች

ቤንዚን በአፍ በጎማ ቱቦ አትሳቡ። ወደ ሳንባ ከገባ ከባድ የሳንባ ቁጣ ያመጣል። ቤንዚን በሃይላንድ ዕቃ ቤት ውስጥ አታስቀምጡ፤ ሕፃን ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። ከጠጣ እንዲያስታውክ አታድርጉት፣ ወተትም አታጠጡት፣ ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ሦስተኛው፣ ሞተር በተዘጋ ቤት ውስጥ አስነስታችሁ አታሙቁ። ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ግን ይገድላል።

ቀጣዩን ሞተር ስትመርጡ

ሞተር ሊገዛ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሲሲ ነው?» ብሎ ነው። እኔ ግን «ቁመትህ ስንት ነው? የምትውለው አስፋልት ላይ ነው ኮረኮንች? ከኋላህ ማን ይቀመጣል?» ብዬ እጀምራለሁ።

ሐሙሲት–ባሕር ዳር አስፋልት ለአስፋልት የምትመላለሱ ከሆነ እንደ ቦክሰርና ቲቪኤስ ያሉት ቀና ብሎ የሚያስቀምጡ ሞተሮች ለወገብ ይስማማሉ። መቀመጫቸው ረዘም ያለና ዝቅ ያለ ነው። መሪው ዝቅ ብሎ ወደ ፊት የሚያጎነብሱት የስፖርት ቅርጽ ያላቸው ግን ለእጅ አንጓና ለአንገት ይከብዳሉ፤ ከኋላ ለሚቀመጥም አይመቹም። ሥራችሁ ወደ ገጠር ቀበሌ ከሆነ እንደ ያማሃ ኤጂ ወይም ዲቲ ያሉት ረጅም ሾክ ያላቸው ንጠቱን ይቀበሉላችኋል። ጉዳታቸው ከፍታቸው ነው። አጭር ሰው ጭቃ ላይ እግሩ ካልደረሰለት ሞተሩ ሲያዘነብል ይወድቃል፣ ቁርጭምጭሚትም ይሰበራል። የኤሌክትሪክ ሞተር የኢንጂን ንዝረት ስለሌለው ለእጅ ጥሩ ነው። ኮረኮንቹን ግን የሚያለሰልሰው ሾኩ ስለሆነ ሾኩን እዩ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ሞክሩ፦

– ተቀመጡበት። ሁለቱም እግሮቻችሁ፣ ቢያንስ የእግራችሁ ፊተኛው ክፍል፣ መሬት ይንካ።
– መሪውን ያዙ። ክርናችሁ ትንሽ ይጠፍ፣ አንጓችሁ ቀጥ ይበል፣ ትከሻችሁ አይወጠር።
– እግር ማሳረፊያው ላይ ስትረግጡ ጉልበታችሁ ከልክ በላይ አይታጠፍ። ኮረኮንች ላይ ከመቀመጫው ትንሽ ብድግ ማለት ካልቻላችሁ ያ ሞተር የእናንተ አይደለም።
– ስትቀመጡበት የኋላው ሾክ ትንሽ ዝቅ ይበል። ጭራሽ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ደረቅ ነው፣ እስከ መጨረሻው የሚሰምጥ ከሆነ ደካማ ነው።
– ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጣታችሁ ወይም ብሽሽታችሁ ከደነዘዘ አትግዙት። «ይለመዳል» የሚለውን አትስሙ፤ ነርቭ አይለምድም።
– ያገለገለ ከሆነ ከጎን የሚያይ ሰው ይዛችሁ ቀጥ ብላችሁ ንዱት። የፊቱና የኋላው ጎማ በአንድ መስመር ካልሄዱ ተጋጭቶ የተጣመመ ሊሆን ይችላል።

የሄልሜት ዋጋ የሞተሩ ዋጋ አካል ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. የአረቢያው ሎውረንስ የሚባለው እንግሊዛዊ በሞተር አደጋ ጭንቅላቱ ተመትቶ በስድስተኛው ቀን ሞተ። ካዩት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ የተባለ የጭንቅላት ቀዶ ሐኪም ነበር። ነገሩ ከልቡ ስላልወጣ በሞተረኞች የጭንቅላት ጉዳት ላይ ጥናት አደረገ፤ በ1941 እ.ኤ.አ. ሄልሜት ሕይወት እንደሚያድን የሚያሳይ ጽሑፍ አወጣ። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ ደግሞ ሄልሜት የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አስቀምጧል። ማሰሪያው ሳይታሰር ከሆነ ግን ሲወድቁ ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነው። ከኋላ የምትቀመጠው እናታችን ወይም እህታችንም ሄልሜት ያስፈልጋታል፤ ነጠላዋንም ጎማው እንዳይስበው ሰብሰብ አድርጋ ትሰረው።

በጉዞ ላይ በየሰዓቱ ቆም በሉ፣ ውረዱ፣ ጥቂት ተራመዱ፣ ውኃ ጠጡ። ማርሚታ እግር ካቃጠለ ለ20 ደቂቃ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱበት። የጥርስ ሳሙናም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም አትቀቡት።

እነዚህ ምልክቶች ካሉ ግን ጋራዥም ዕረፍትም አትጠብቁ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፦ እግር መስነፍ፣ በመቀመጫና በብሽሽት አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት እምቢ ማለት ወይም ማምለጥ፣ ከመውደቅ በኋላ የመጣ ከባድ የወገብ ሕመም። እነዚህ የነርቭ መጫን ወይም የአጥንት ስብራት ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ሰዓታት ባለፉ ቁጥር የመዳን ዕድል ይቀንሳል።

ከእነዚህ ውጭ የሆነ የወገብ ሕመም ካላችሁ በዚህ ሳምንት ጎማችሁን አስለኩ፣ የሾኩን ቀለበት እዩ፣ ሰንሰለቱን አስተካክሉ። ሁለት ሳምንት ነድታችሁ ወገባችሁን እንደገና ጠይቁት። ካልተሻለው ኪኒን በራሳችሁ ሳትገዙ ኑና እንይላችሁ።

ይህን ጽሑፍ ሞተር ለሚነዳ ወንድማችሁ ላኩለት። መልካም ጉዞ!