የተጎዳ ታዳጊ ስፖርተኛ ወደ ቡድኑ ልምምድ መሄድ አለበት?

ልጅዎ ኳስ ሲጫወት እግሩ ወለም ብሎታል፤ ወይም እጁ ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል። ሐኪሙም "ለስድስት ሳምንት ጨዋታ የለም" ብሎ ሸኝቶታል። የልምምድ ቀን ሲደርስ የቡድኑ ልጆች ታኬታቸውን ይዘው በበር ሲያልፉ እሱ ቆሞ ያያቸዋል። ሳይጫወትም ቢሆን አብሯቸው ይሂድ ወይስ እስኪድን ቤት ይቀመጥ? ብዙ ወላጆች ይህን ጥያቄ ሳያነሱ ከሕክምና ይመለሳሉ። ስለዚህም ብዙውን ጊዜ የሚወስነው አሰልጣኙ ወይም ልጁ ራሱ ይሆናል።

አጭሩ መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ቢሄድ ይሻላል፤ ነገር ግን ሜዳ ደርሶ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ አስቀድሞ ተለይቶ መታወቅ አለበት። ይህ ሳይደረግ የተጎዳን ልጅ ሜዳ ዳር ማቆም ቤት ከማስቀመጥ የባሰ ሊሆን ይችላል።

መሄዱ ለምን ይጠቅመዋል?

ለአንድ የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ ቡድኑ ስፖርት የሚሠራበት ቦታ ብቻ አይደለም። ጓደኞቹ እዚያ ናቸው፣ ስሙ የሚታወቀው እዚያ ነው፣ ቀኑም የሚከፋፈለው በልምምድ ሰዓት ነው። ጉዳት ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ሲያቋርጥበት ልጁ ሊቆጣ፣ ከሰው ሊርቅ፣ እንቅልፍ ሊያጣ ወይም ቦታዬን ሌላ ወሰደብኝ በሚል ጭንቀት ሊያዝ ይችላል። በተለይ በታዳጊ ፕሮጀክት የሚሠለጥኑ ልጆች ምርጫ ሊካሄድ ሲል ከተጎዱ ይህ ስሜት ይበረታል። ከቡድኑ ሳይነጠል የቆየ ልጅ ይህን ጊዜ በተሻለ ሁኔታ ያልፈዋል።

ሁለተኛው ጥቅም ለጉዳቱ ለራሱ ነው። የማገገሚያ እንቅስቃሴዎች አሰልቺ ናቸው፤ ብቻውን ቤት ውስጥ በቀን ሦስት ጊዜ በአንድ እግሩ እንዲቆም የታዘዘ ልጅ ከሳምንት በኋላ ይተወዋል። ሌሎቹ ሰውነታቸውን ሲያሟሙቁ እሱም በዚያው ሰዓት ሜዳው ጥግ ላይ የራሱን ቢሠራ ግን የመቀጠል ዕድሉ ሰፊ ነው። ደግሞም ቁጭ ብሎ ጨዋታ ማየት ራሱ ትምህርት ነው። ሁልጊዜ ውስጥ ሆኖ የሚሮጥ ተከላካይ የቡድኑ መስመር እንዴት እንደሚከፈት የሚታየው ዳር ሲቆም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። በብዙ ቡድኖች የተጎዳ ልጅ የሚሰጠው ሥራ ውሃ ማቀበልና የወጣ ኳስ ማምጣት ነው። ውሃ ማቀበል ችግር የለውም፤ ኳስ ለማምጣት መሮጥ ግን እግሩን ለታመመ ልጅ ልምምድ እንደ መሥራት ይቆጠራል።

ቤት መቆየት ያለበት መቼ ነው?

ጉዳቱ በደረሰ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት እብጠቱና ሕመሙ ገና ስለሆነ እግርን ከፍ አድርጎ ማረፍ ይመረጣል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስሉ እስኪደርቅና ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ አቧራና ጭቃ ወዳለበት ሜዳ መሄድ አይገባም። ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ እየወሰደ የሚያንቀላፋ ልጅም ይቆይ።

መንገዱንም ያስቡበት። ክራንች ይዞ በሚጋፉበት ታክሲ ተሳፍሮ መሄድ፣ በክረምት በሚያንሸራትት ጭቃ ላይ መራመድ፣ ጀሶውን ዝናብ ማስመታት ለሁለተኛ ጉዳት ይዳርጋል። የረጠበ ጀሶ ይለሰልሳል፤ የተሰበረውንም አጥንት አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል። ሜዳው ሩቅ ከሆነ በሳምንት አንድ ቀን ሰው አድርሶት ቢመለስ በቂ ነው።

ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ

ይህ ከሌሎቹ ጉዳቶች ተለይቶ መታየት አለበት፤ ምክንያቱም የሚታይ ቁስል የለውም። ኮንከሽን የሚባለው የአንጎል መናወጥ የሚደርስበት ልጅ ራሱን ላይስት ይችላል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የተደረገውን መርሳት፣ ብርሃንና ጩኸት መጥላት፣ ፈዝዞ መቆየት ምልክቶቹ ናቸው። ከነዚህ አንዱ ከታየ በዚያው ቀን ወደ ጨዋታ መመለስ ፈጽሞ አይፈቀድም።

በ2022 በአምስተርዳም በተካሄደው ዓለም አቀፍ የስፖርት ኮንከሽን ጉባኤ የወጣው መመሪያ እንደሚለው፣ በመጀመሪያዎቹ ከ24 እስከ 48 ሰዓታት ልጁ ቀለል ባለ ሁኔታ ያርፋል። ይህ ማለት ጨለማ ክፍል ውስጥ መዝጋት አይደለም፤ ቤት ውስጥ መንቀሳቀስና በእግር ቀስ ብሎ መሄድ ይችላል፤ ስልክና ቴሌቪዥን ግን ይቀንሳል። በነዚህ ቀናት ወደ ልምምድ ሜዳ አይሄድም። ከዚያ በኋላ ፀሐዩና ጩኸቱ ሕመሙን ካላባሰበት ሄዶ መቀመጥ ይችላል፤ ኳስ ከማይደርስበት ራቅ ብሎ። አንጎሉ ሳይድን ሁለተኛ ምት ቢያርፍበት ጉዳቱ እጅግ ሊከብድ ስለሚችል "ዝም ብለህ ኳስ አቀብል" የሚባል ነገር የለም። ትምህርቱን ያለ ችግር መከታተል ሳይችል ወደ ሙሉ ልምምድ አይመለስም። መመለሱም በደረጃ ነው፦ ከቀላል ሩጫ ይጀምራል፣ ከዚያ ብቻውን ከኳስ ጋር፣ ከዚያ ንክኪ የሌለበት ልምምድ፣ በሐኪም ፈቃድ ደግሞ ንክኪ ያለበት ልምምድ፣ በመጨረሻም ጨዋታ። በደረጃዎቹ መካከል ቢያንስ 24 ሰዓት ያስፈልጋል።

ወለምታ የደረሰበት ልጅ ሜዳ ላይ ምን ይሥራ?

የቁርጭምጭሚት ወለምታ በኳስ ተጫዋቾች ላይ በብዛት የሚደርስ ጉዳት ስለሆነ በእሱ እንይ። በመጀመሪያ ግን ወለምታ መሆኑ ይረጋገጥ። በማደግ ላይ ያለ ልጅ አጥንት ጫፉ አካባቢ ገና ያልጠነከረ የማደጊያ ክፍል አለው፤ ይህ ክፍል ከጅማቱ ይልቅ ደካማ ስለሆነ በአዋቂ ላይ ወለምታ የሚያስከትለው መጠምዘዝ በልጅ ላይ ስብራት ሊያስከትል ይችላል። ልጁ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲነካ ከታመመው ኤክስሬይ ይነሣ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሳያነክስ መራመድ ሲጀምር ቡድኑ ሲያሟሙቅ እሱ በእግር ጣቱ ፊደል በአየር ላይ ይጽፋል፤ ይህ ቁርጭምጭሚቱን በሁሉም አቅጣጫ ያንቀሳቅሰዋል። ቀጥሎ በታመመው እግር ብቻ 30 ሰከንድ መቆም፤ ሲለምደው ዓይኑን ጨፍኖ፤ ከዚያም ጓደኛው የሚወረውርለትን ኳስ በእጁ እየቀለበ። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ወለም ያለው እግር ደግሞ ወለም የሚለው በአብዛኛው ይህ የሚዛን ልምምድ ስለሚዘለል ነው። በተጨማሪ የሆድና የጀርባ ጡንቻ ልምምድ፣ እንዲሁም ጤነኛውን እግር ማጠንከር ይችላል። ጤነኛውን እግር ማሠራት የታሰረው እግር የሚያጣውን ጉልበት በተወሰነ ደረጃ እንደሚከላከል በጥናት ታይቷል።

የሚለካበት መንገድ ሕመም ነው። እየሠራ ሕመሙ ከጨመረ ወይም በማግስቱ ጠዋት እግሩ ካበጠ በዝቶበታል ማለት ነው።

ከአሰልጣኙ ጋር ምን ይነጋገሩ?

እውነቱን ለመናገር፣ ልጁን ሜዳ መላክ የሚያስፈራው በጉዳቱ ምክንያት ብቻ አይደለም። ቡድኑ አንድ ሰው ሲጎድለው "አሥር ደቂቃ ብቻ ግባ" የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ልጁም እምቢ ለማለት ድፍረት የለውም፣ ፍላጎትም የለውም። ስለዚህ ከሐኪሙ በጽሑፍ የተሰጠ ማስረጃ ይያዝ፤ በላዩም "አይሮጥም፣ አይዘልም፣ እስከዚህ ቀን ድረስ" የሚል በግልጽ ይጻፍበት። ወረቀቱን ለልጁ ሰጥተው ከመላክ እርስዎ ራስዎ ለአሰልጣኙ ቢያደርሱት ይመረጣል። "ጋሼ፣ ልጄ መጥቶ ይመለከታል፣ ይህን ይህን ይሠራል፣ ኳስ ግን አይነካም" ማለት ማንንም አያስቀይምም። አሰልጣኙ ይህን ካላከበረ ልጁን ቤት ያስቀሩት።

የሕመም ማስታገሻ ውጦ ሜዳ መግባትም በብዙ ታዳጊዎች ዘንድ እንደ ጀግንነት ይታያል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመሙን ይሸፍናሉ እንጂ የተቀደደውን ጅማት አይጠግኑም፤ ልጁ ማቆም ያለበትን ምልክት ብቻ ያጠፉበታል።

ስለ ወጌሻም መነሣት አለበት። በቡድን ውስጥ ወጌሻ የሚባለው ሰው የመጀመሪያ እርዳታ የሠለጠነ ሊሆን ይችላል፤ በሰፈር ያለው የባህል ወጌሻ ግን ሌላ ነው። አዲስ ያበጠን እግር ማሸት እብጠቱንና ደም መፍሰሱን ያብሳል። ስብራትን በቀርከሃና በጨርቅ አጥብቆ ማሰር ደግሞ የደም ዝውውርን ይዘጋል፤ በአገራችን ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት እጅና እግራቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ። የታሰረው እጅ ወይም እግር ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ እስራቱ ወዲያውኑ ይፈታ፤ ልጁም ሆስፒታል ይወሰድ። በጀሶ የታሰረም ቢሆን እነዚህ ምልክቶች ከታዩ ጊዜ አይሰጥም።

ጉዳቱ ብዙ ወር የሚወስድ ከሆነ

ጉልበት ውስጥ ያለው ኤሲኤል የሚባለው ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና ከተደረገ ወደ ጨዋታ የሚመለሱት ቢያንስ ከ9 ወር በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የተመለሱ ተጫዋቾች ጉልበታቸውን ዳግም የመጉዳት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ይህ ጉዳት በታዳጊ ሴት ኳስ ተጫዋቾች ላይ ከወንዶቹ በበለጠ ይታያል። ዘጠኝ ወር ለአንዲት የ15 ዓመት ልጅ ዕድሜ ልክ ይመስላታል። እንዲህ ላለው ጉዳት በየልምምዱ መገኘት ግዴታ መሆን የለበትም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮዋ ይቀድማል፤ ወደ ሜዳ የምትሄደው በሳምንት አንዴ ወይም ጨዋታ ባለበት ቀን ሊሆን ይችላል። የተወሰነ ሥራ ቢሰጣት፣ ለምሳሌ ቅብብሎችን መመዝገብ ወይም ትንንሾቹን ማሟሟቅ፣ ከመቀመጥ ይሻላታል።

አንዳንድ ልጅ ደግሞ መሄድ አይፈልግም። ሌሎቹ ሲጫወቱ ማየት ያመዋል። ይህንንም ያክብሩለት፤ ለአንድ ሁለት ሳምንት ይተዉትና እንደገና ይጠይቁት። ከሁለት ሳምንት በላይ ከጓደኞቹ ሁሉ ከራቀ፣ ምግብ ካስጠላው፣ እንቅልፉ ከተዛባ ወይም ስፖርቱን ጨርሶ እተዋለሁ ካለ ጉዳዩ ከልምምድ መቅረት አልፏልና ለሚያክመው ሐኪም ይንገሩት። ራሱን ስለመጉዳት ካወራ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይውሰዱት።