ስሙ የጠፋበት ስደተኛ ወይን

ቀይ ወይን ጠጅ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቀድመን የምናስበው ጉደርን ነው፡፡ የዛሬው ወሬዬ ግን እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ አፍንጫችን ሥር ስላለ አንድ ስደተኛ ወይን ነው፡፡

እኔ የምኖረው የፊልም ስቱዲዮዎች ከተማ በሆነችው በርባንክ ነው፡፡ ከዚያ ወደ መሐል ከተማ ወርዳችሁ ኦልቬራ ጎዳና ብትገቡ፣ በ1818 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በተሠራው የአቪላ ቤት ግቢ ያረጀ የወይን ሐረግ ታያላችሁ፡፡ ልጆቼን ይዤ ሄጄ ነበር፤ «ምኑ ይታያል?» አሉኝ፡፡ ታሪኩን እንዲህ ስል ነገርኳቸው፡፡

ይህን ቀይ ወይን ወደ ካሊፎርኒያ ያመጡት የእስፓኝ ካቶሊክ መነኮሳት ናቸው፡፡ እኛ ለቁርባን ዘቢብ እንደምናዘጋጅ ሁሉ እነሱም ለቅዳሴያቸው ወይን ያስፈልጋቸው ነበር፡፡ በ1771 የተመሠረተው የሳን ገብርኤል ገዳም ከዋነኞቹ ጠማቂዎች አንዱ ሆነ፡፡ ጠጁ ቀለሙ ሳሳ፣ ኮምጣጣነቱም አነስ ያለ ስለሆነ፣ ከአረቄ ጋር እየተቀላቀለ «አንጀሊካ» የሚባል ጣፋጭ መጠጥ ይሠራበት ነበር፡፡

በ1831 ዣን ሉዊ ቪኝ የተባለ ፈረንሳዊ እዚህ ደርሶ ትልቅ የወይን እርሻ አቋቋመ፡፡ የባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው የቪኝ ጎዳና በእሱ ስም የተሰየመ ነው፡፡ በከተማው ማኅተም ላይም እስከ ዛሬ ወይን አለ፡፡ ሁሉም ጣፋጭ ግን አልነበረም፡፡ ከ1850 ሕግ በኋላ ሰክረው የተያዙ የአገሩ ተወላጅ ሕንዶች ጉልበት ለእርሻ ባለቤቶች በጨረታ ይሸጥ ነበር፡፡ በ1880ዎቹ ደግሞ ዛሬ «የፒርስ በሽታ» የሚባለው መቅሠፍት ከአናሃይም ተነስቶ እርሻውን አደረቀው፡፡

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ፡፡ ወይኑ ካሊፎርኒያ ሲገባ «ሚሽን» ተባለ፤ ገዳም እንደ ማለት ነው፡፡ ቺሌ ላይ «ፓይስ» አሉት፤ አገር ማለት ነው፡፡ አርጀንቲና ላይ «ክሪዮላ ቺካ» ሆነ፤ በባዕድ ምድር የተወለደች ትንሽ ልጅ እንደ ማለት፡፡ የትውልድ ስሙን የሚያውቅ ጠፋ፡፡ በ2007 የእስፓኝ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በዲ.ኤን.ኤ. መርምረው «ሊስታን ፕሪዬቶ» የተባለ የእስፓኝ ዘር መሆኑን ይፋ አደረጉ፡፡ የሚገርመው በእስፓኝ ዋና ምድር ከመጥፋት ሊቆጠር የደረሰ ሲሆን፣ የተረፈው በካናሪ ደሴቶች ነው፡፡ አገሩ ረስቶታል፣ ስደት አኖረው፡፡

የኦልቬራውም ሐረግ ተመርምሯል፡፡ ከሳን ገብርኤሉ «እናት ወይን» ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ፡፡ ሁለቱም ግን ንጹሕ ሚሽን አይደሉም፤ ከእስፓኙ ወይንና ከዚሁ አገር የዱር ወይን የተወለዱ ክልስ ናቸው፡፡ በሽታው ሌላውን ሲፈጅ እነሱ ቆመዋል፡፡

ፌርፋክስ ላይ ቡና ስንጠጣ «ልጆቻችን እኛን አልመሰሉም» የሚል ሮሮ እሰማለሁ፡፡ አለመምሰላቸውን እኔ አልፈራም፡፡ የሚያስፈራኝ የስሙ ነገር ነው፡፡ በትምህርት ቤት መዝገብ የእኛ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይቀራል፤ ከአባት በላይ ያለው ማን እንደሆነ የማይጠይቅ ልጅ ብዙ ነው፡፡ ወይኑ ስሙን ለማግኘት ከሁለት መቶ ዓመት በላይና ላቦራቶሪ አስፈልጎታል፡፡ ለእኛ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል፡፡ እስከ ሰባት ቤት ቁጠሩና ከነትውልድ መንደሩ ጻፉላቸው፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡